የአንድ ከረሜላ መንገድ

አባ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተሳፋሪዎቻቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው አንድም ቀን መኪና አልገለበጡም። ዶሮ መንገድ ካቋረጠች ይቆማሉ፤ መቆሙ ብቻ አይበቃቸውም፣ ጫጩቶቿ ተከትለዋት እስኪያልፉ ይጠብቃሉ። «ከሳቸው ጋር የተሳፈረ ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ ሳይደርስ አይቀርም» ይባልላቸው ነበር። እሳቸው ጡረታ ቢወጡም ቀኝ እግራቸው ጡረታ አልወጣም። ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ጨዋታ ሲሰሙ፣ ጨዋታው የፈጠነባቸው እንደሆነ እግራቸው ምንጣፉን ጫን ያደርጋል። ይሄኔ ባለቤታቸው፣ «ይኸው፣ ያዘው ደግሞ!» ይላሉ።

እንግዲህ እኒህ ሰው ናቸው አንድ ቀን በአውሮፕላን ለመሄድ ቃል የገቡት።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። አንዲት ልጃቸው፣ እሳቸው እስከ ዛሬ ሚጡ የሚሏት፣ የሰው ዓይን መርምራ የሚስማማውን መነጽር የምትለካ ባለሙያ ናት። ገደሉ ማዶ ባለችው ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ለስድስት ወር ብላ ሄዳ ሥራው ጣማት። ሆስፒታሉም ወደዳትና «በቋሚነት ቅሪልን» አላት። ሚጡ ደግሞ አባቷ ሳይመርቋት ፊርማዋን የምታኖር ልጅ አይደለችም። የአባቷ መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ «ሩቅ ነው።»

«አባዬ፣ በአውሮፕላን እኮ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው!»

«እሱ ለወፍ ነው። እኔ ያንን መንገድ በጎማ ነው የማውቀው። ጎህ ሲቀድ የተነሣ፣ እግዜር ካለ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ይደርሳል።»

«መንገዱ ገደሉን ስለሚዞር ነዋ! ሰማዩ አይዞርም።»

«ሰማይ ላይ ማን ቤት ሠራ?»

ባለቤታቸው ከወጥ ቤት ጭልፋቸውን እንደያዙ ብቅ አሉና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለልጅቷም ፍሬን ልትይዝባት ነው?» አሏቸው።

ርቀት ለአባ ፍሬን የኪሎ ሜትር ነገር ብቻ አልነበረም። እናታቸው የደከሙ ዕለት እሳቸው የዚያው መንገድ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ነበሩ። መልእክቱ ጠዋት ደረሳቸው። አውቶቡሱ ሰው ሞልቶታል፤ ሰው አሳፍሮ መፍጠን ደግሞ አይሆንላቸውም። እንደ ሁልጊዜው ቀስ ብለው፣ በየጠመዝማዛው ጡሩምባ እየነፉ፣ እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ መጡ። ሲደርሱ ሰው ከቀብር ተመልሶ ነበር። ማንንም አላማረሩም፤ ይህንንም ለማንም አያወሩም። ብቻ ከዚያ ወዲህ «ሩቅ ነው» ሲሉ፣ ይሄንን ማለታቸው ነው።

ሚጡም ይህን ታውቃለች መሰለኝ፣ አልተከራከረችም። «እሺ እንፈትነው» አለች። «ቁርስህን ከእማዬ ጋር በልተህ ተነሣ። ምሳህን እዚህ እኔ ጋ ከበላህ ቅርብ ነው ማለት ነው፤ ትመርቀኛለህ። ምሳ ካለፈህ ግን ሻንጣዬን ይዤ አብሬህ እመለሳለሁ። ትኬቱን እኔ እልካለሁ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

አባ ፍሬን በልባቸው ደስ አላቸው። በዚህ ዓለም ላይ በሰዓቱ የተነሣ መኪና አይተው አያውቁም፤ አውሮፕላኑ ከምን የተለየ ነው?

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ሥራ ላይ ሳሉ አባ ፍሬን አደራ አልቀበልም ብለው አያውቁም ነበር። መድኃኒት፣ የሙሽራ ጫማ፣ የታሸገ ደብዳቤ፣ አንድ ጊዜም ባለቤቷ የተቆጣባት ድመት አድርሰዋል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው ተረት ከአፋቸው አይለይም። እናም «አባ ፍሬን ያንን መንገድ ሊሄዱት ነው» ሲባል፣ ሰዉ እንደ ዱሮው ዕቃውን እየያዘ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ድልድዩ ጋ ላለችው እህቷ የስፌት መኪና ራስ ሰጠቻቸው። ባለ ወፍጮው፣ ከጠመዝማዛው በታች ላለው ወንድሙ፣ በጆንያ የተጠቀለለ የወፍጮ ብረት አመጣ። ጡረተኛው መምህር ደግሞ መንገዱ እኩሌታ ላይ ለሚኖሩ ወዳጃቸው በገመድ የታሰረ የመጻሕፍት ክምር ላኩ። «መቼም በርስዎ መንገድ ነው» ይላል ሁሉም። «በኔ መንገድ ነው፣ አስቀምጡት» ይላሉ እሳቸውም። ማታ፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ከላይ፣ መጨረሻ የሚወርደውን ከታች አድርገው፣ ልክ የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንደሚጫን አሰሩት። ባለቤታቸው አይተው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ ፈገግ ብለው ተዉት።

አየር ማረፊያው አንድ አዳራሽ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበርና ሜዳውን የሚያሳይ ሰፊ መስኮት ነው። አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች ዕቃው ብቻ ሳይሆን ሰውም ይመዘናል። ሚዛኑ አጠገብ የቆመችው ሴት ድምጿ ጎላ ያለ ነው፤ የሰዉን ክብደት ጮክ ብላ እየጠራች ትጽፋለች።

«እህቴ፣ በናትሽ ቀስ ብለሽ ጥሪው» አለ አንድ ወፍራም ፍራሽ ነጋዴ። «ሚስቴ ወንበሩ ላይ ናት፤ ቀንሻለሁ ብያታለሁ።»

«ሰምቻለሁ!» አለች ሚስትየው ከወንበሩ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

የአባ ፍሬን ተራ ደረሰና ሚዛኑ ላይ ወጡ። የሚዛኗ ሴት ክምሩን አየችና፣ «አባቴ፣ ይሄ ሁሉ የት የሚወርድ ነው?» አለቻቸው።

«የስፌት መኪናው ድልድዩ ጋ። ብረቱ ከጠመዝማዛው በታች። መጽሐፉ ደግሞ…» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ የሴትዮዋ ፊት አስቆማቸው። ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነክሳለች።

«አባቴ፣ አውሮፕላኑ እኮ ድልድዩ ጋ አይቆምም።»

አባ ፍሬን ክምሩን አዩ፤ ሴትዮዋን አዩ፤ በመስኮቱ አውሮፕላኗን አዩ። ከዚያ ነገሩ ገባቸውና እንዲህ ሳቁ፣ እንዲህ ሳቁ፣ ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር አብሯቸው ተንቀጠቀጠ። «አቤት እርጅና!» አሉ። «ላኪዎቹም አላሰቡት፣ እኔም አላሰብኩት። ከሰማይ እንዳንጥለው ሰው ይመታል። ግዴለም፣ ይጫን። ስመለስ በአውቶቡስ ነው የምመለሰው፤ ከወዲያ ወደዚህ እያደልኩ እመጣለሁ።»

«ኪሎው ይበቃል፤ ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛ ነው» አለችና ጫነችላቸው።

ግን ማንም አልተነሣም። ሜዳው ላይ ጉም ወርዶ ተኝቷል፤ የአውሮፕላኗ ጭራ እንኳ አይታይም። አብራሪዋ፣ አጠር ያለች ወጣት ሴት፣ ወጣ ብላ አይታ ተመለሰች፤ ራሷን ነቀነቀች። አባ ፍሬን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩና ፊታቸው ፈካ። ለተሳፋሪው ሁሉ ሻይ ጋበዙ። ሰዉ «እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው!» አለ። እሳቸው ግን በልባቸው፣ ‹ጌታዬ፣ እስከ ምሳ ብቻ አቆይልኝ› እያሉ ነው።

ከጎናቸው አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ አንዲት ትንሽ ቦርሳ፣ እጃቸው ላይ ሁለት የሹራብ መሥሪያ ኪሮሽ ነበር። የሕፃን ቆብ ይሠራሉ፤ አንዱ አልቋል፣ ሁለተኛው ገና ጫፉ ይቀረዋል።

«ልጄ መንታ ወለደች» አሏቸው ለአባ ፍሬን፣ ሳይጠየቁ። «አንዱን ቆብ ሠርቼ ትኬት ቆረጥኩ። ለካ ሁለት ኖረዋል! አንተ ልጄ፣ ይሄ ጉም የሚገፈፍ ይመስልሃል? ከነጋ ጀምሮ እየለመንኩት ነው።»

ሁለት ጸሎት አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ወደ ላይ እየተገፋፋ ነበር።

«ይገፈፋል፣ እማማ» አሉ፣ ጥቂት አፍረው።

ተገፈፈም። ግን የተገፈፈው ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ ነው። የምሳ ሰዓት እዚያው አግዳሚው ላይ ደረሰ። ሰዉ ዕቃውን አንሥቶ ቆመ። የሚዛኗ ሴት ግን ከአብራሪዋ ጋር ተነጋግራ ስትመለስ ፊቷ ጥሩ አልነበረም።

«ይቅርታ፣ ሸክም መቀነስ አለብን» አለች። «ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛ ስለነበር ይሸከመን ነበር። አሁን ሞቀ፤ የሞቀ አየር ስስ ነው፣ ሁሉን ጭኖ አያነሣም። አንድ ሰው ይቀራል፤ ትኬት መጨረሻ የቆረጡት…» ጨርሳ ልትናገረው አልቻለችም። ዓይኗ አሮጊቷ ላይ አረፈ። የሚቀጥለው በረራ ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

አሮጊቷ ኪሮሻቸውን ቀስ ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

በዚህ ጊዜ አባ ፍሬን አንድ ሐሳብ ብልጭ አለላቸው። ‹እኔ ልቅርላቸው› ቢሉስ? ሰዉ ሁሉ ይመርቃቸዋል። ምሳውም ያልፋል፤ ሚጡም ሻንጣዋን ይዛ ትመለሳለች። ማንም አይወቅሳቸውም። እንዲያውም እሷ ራሷ «አባቴ እኮ እንዲህ ያለ ሰው ነው» እያለች ታወራላቸዋለች። ደግነትም ድልም በአንድ ትኬት!

ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ…» አሉ።

አሮጊቷ እጃቸውን ያዝ አደረጓቸው። «ተው ልጄ፣ ተቀመጥ። አንተን እዚያ የሚጠብቅህ የለም?»

«አለኝ። ልጄ ናት።»

«ታዲያስ! የኔዎቹ ገና ሕፃናት ናቸው፣ መቅረቴንም አያውቁ። ያንተዋ ግን በር በሩን ነው የምታይ።»

አባ ፍሬን ቆመው ቀሩ። ቀኝ እግራቸው ወለሉን ጫን አድርጎ እንደያዘ ያን ጊዜ ተሰማቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ለማትረፍ ይዘውት የኖሩት ፍሬን፣ አሁን ማንን ለማስቀረት እንደተያዘ ታያቸው። ሰው ባያይ የሚያይ አለ። ‹ደግ መስዬ ልጄን ላታልላት ነበር እኮ› አሉ በልባቸው፤ ‹ማረኝ።›

ከዚያ ወደ ሚዛኗ ሴት ዞሩ። «የኔን ክምር አውርጂው። እሳቸው ይሳፈሩ።»

«የሰው አደራ አይደለም እንዴ?»

«አደራማ አደራ ነው። ግን ዕቃ ነገም ዕቃ ነው። ሰው ነው ዛሬ መድረስ ያለበት።»

ሚዛኑ ላይ ቢደረግ የስፌት መኪናው፣ ብረቱና መጻሕፍቱ ከአሮጊቷ ከነቦርሳቸው በለጡ። «ይኸው!» አለ ፍራሽ ነጋዴው፣ «እናታችን ከአንድ የወፍጮ ብረት ያንሳሉ፤ እኔን ከማራገፍ ተረፋችሁ።»

አባ ፍሬን ስልካቸውን አወጡና የቀድሞ ረዳታቸው ጋ ደወሉ። አሁን በሳቸው ፈንታ ያንኑ አውቶቡስ የሚነዳው እሱ ነው።

«ጋሼ! ምነው፣ አውሮፕላኑ ጎማው ፈነዳ እንዴ?»

«ዝም ብለህ ስማኝ። ነገ ጠዋት በአየር ማረፊያው በር ታልፋለህ አይደል? እዚህ አደራ ትቻለሁ። የስፌት መኪናው ድልድዩ ጋ፣ ብረቱ ከጠመዝማዛው በታች፣ መጽሐፉ እኩሌታው ላይ። በቅደም ተከተል ታስሯል፤ እንዳታዘባርቀው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ አደራ ከእጅዎ ሲያወርዱ? አመመዎት?»

«ደህና ነኝ። ልጄ ጋ እየሄድኩ ነው፤ ዘግይቻለሁ» አሉና ዘጉት።

አውሮፕላኗ በር ላይ የሚዛኗ ሴት ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ከረሜላ አደለች። «ጆሮ እንዳይዘጋችሁ ምጠጡት፤ አትቆርጥሙት» አለች። አባ ፍሬንና አሮጊቷ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሞተሩ ጮኸ፤ ሜዳው ወደ ኋላ ሮጠ፤ አባ ፍሬን ወለሉን በሁለት እግራቸው ያዙት። አውሮፕላኗ አልቆመችም። ተነሣች።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ገደሉ ከታቻቸው ተከፍቷል። በአብራሪዋና በሳቸው መካከል መጋረጃ እንኳ የለም። አላስቻላቸውም። «ልጄ፣ እዚህ ጋ ክፉ ጠመዝማዛ አለ፤ ቀስ በይ!» አሉ ጮክ ብለው።

«እሱ ታች ነው አባባ!» አለች እሷም፣ ሳትዞር፣ ትከሻዋ በሳቅ እየተነቃነቀ።

ሚጡ የለካችላቸውን መነጽር አስተካከሉና ወደ ታች አዩ። መንገዳቸው እዚያ ነበር። ልብስ ሰፊ ከእጇ የወደቀባት ክር ይመስላል፤ ይጠመዘዛል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብቅ ይላል። ድልድዩን አዩት፤ ጣት የማታክል ነገር። ጎማ የሚቀይሩበትን የቋጥኝ ጥላ አዩት። አንድ አውቶቡስ እንደ ጥንዚዛ ሽቅብ ይሳባል፤ ‹ሁለተኛ ማርሽ አግባ እንጂ› አሉት በልባቸው። ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስጠግተው ወደ ኋላ ሲያዩ የከተማቸው ኮረብታ ገና ይታያል፤ ወደ ፊት ሲያዩ ደግሞ የወዲያኛው ከተማ ቆርቆሮ ማብረቅ ጀምሯል። ያ ሁሉ መንገድ፣ ከነሁለት ጫፉ፣ በአንድ ትንሽ መስኮት ውስጥ ገባ። እናታቸው ትዝ አሏቸው። ልባቸው ግን እንደ ወትሮው አልጨለመም። ከላይ ለሚያየው፣ ያን ዕለትም ቢሆን እናትና ልጅ ያን ያህል አልተራራቁም ነበር ማለት ነው። ‹ተመስገን› አሉ።

አሮጊቷ ክንዳቸውን ነካ አደረጉ። «እንዴ፣ እየወረድን ነው እኮ! ከረሜላዬን ገና አልጨረስኩ!»

አባ ፍሬን በምላሳቸው ፈለጉ። የሳቸውም ቀጥና እንደ ምስር ክክ ሆናለች እንጂ ገና ነበረች።

ውጭ ታክሲ ያዙ። ሰዓታቸውን አዩ፤ ምሳ ካለፈ ቆይቷል። በሕጉ ከሄድን አሸንፈዋል። ታዲያ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ትንሽ ፈጠን ብትል» ሲሉ የገዛ ድምፃቸውን ሰሙ።

«አባባ፣ መብራቱ ቀይ ነው!»

«አይቻለሁ። ሲለቅህ ማለቴ ነው።»

ቀኝ እግራቸው ወለሉን ጫን አድርጓል፤ ዝቅ ብለው ሲያዩት ግን ፍሬኑ ቦታ ላይ አልነበረም። ትንሽ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ ነዳጁ ላይ ነው።

የሚጡ ቤት ደረጃ የሚወጣበት አንድ ክፍል ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግድግዳው ላይ የዓይን መመርመሪያ ፊደላት ተለጥፈዋል። ጠረጴዛው ላይ አራት ሳሕን በግንባሩ ተደፍቶ፣ አንድ ድስት በፎጣ ተሸፍኖ ይታያል። አከራይዋና የሆስፒታሉ የዓይን ሐኪም ጥጉን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም የራባቸው ሰዎች ፊት አላቸው። ሚጡ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆማ ነበር። አባቷ ላይ ተጠመጠመች።

አባ ፍሬን ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ምሳ አለፈ» አሉ። ሊፎክሩበት የቋጠሩት ቃል ነበር፤ ሲወጣ ግን የተከፋ ሰው ቃል ሆነ።

«ማን አሳለፈው?» አለች ሚጡ። ፎጣውን አነሣችው። ድስቱ ሙሉ ነው፤ ጭልፋ አልነካውም። «እዚህ ቤት ዛሬ ገና ምሳ አልተበላም።»

«አባታችን፣ እውነቷን ነው» አለ ሐኪሙ። «ከቀትር ጀምሮ ሽታውን ነው የምንበላው። እኔ የሰው ዓይን የማክመው፣ የራሴ ዓይን ሊጠፋ ነው።»

«እኔማ ሁለቴ ልሰርቅ ሞክሬ ሁለቴ ተያዝኩ» አሉ አከራይዋ።

«ይሄ ማጭበርበር ነው!» አሉ አባ ፍሬን፤ ጢማቸው ሥር ግን ፈገግታ ይታገላቸዋል። «ባልመጣስ?»

«መምጣትህን አውቅ ነበር።» ሚጡ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ረዳትህ ለእማዬ ደወለላት። እማዬ ደግሞ ለኔ፤ ‹አባትሽ አደራ ከእጁ አውርዶ ተሳፍሯል፤ ድስቱን እንዳትነኪው› አለችኝ። አባዬ፣ አንተ እኮ ለማንም ብለህ አደራ አውርደህ አታውቅም። መቅረት ትችል ነበር።»

«እችል ነበር» አሉ አባ ፍሬን። ከዚያ ደግሞ፣ መዋሸት ስለማይሆንላቸው፣ «አስቤም ነበር» አሉ።

ሚጡ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር። «ታዲያ ቅርብ ነው ሩቅ?»

አባ ፍሬን ግድግዳው ላይ ወደተለጠፉት ፊደላት አዩ። የታችኛው መስመር እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እጃቸውን አንሥተው ራሷ ላይ አኖሩና መረቋት፦ «እጅሽ ይባረክ። ለኔ ያበራሽውን ዓይን ለዚህ አገር ሰው ሁሉ አብሪለት። ፈርሚ።» ቀጥለው ወደ አከራይዋ ዞሩ። «እመቤት፣ ይቺን ልጅ አደራ።»

«አደራ ጥብቅ ነው» አሉ አከራይዋ፣ ሳሕን እየገለበጡ። «አሁን ግን ለፈጣሪ ብላችሁ እንብላ።»

ተበላ። ሐኪሙ ሦስት ጊዜ ጨመረ። ድስቱ ግርጌው ሲታይ ስልክ ጮኸ፤ ባለቤታቸው ናቸው።

«በላህ?»

«በላሁ።»

«መረቅሃት?»

«መረቅኋት። አንቺና እሷ ግን አብራችሁ እንዳሤራችሁብኝ አልረሳም።»

«እሱን ስትመጣ እንጣላለን። እኔም በሚመጣው ቅዳሜ ልሄድ አስቤያለሁ። ስንት ይርቃል በለኝ፣ እውነቱን?»

አባ ፍሬን እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። የከረሜላው ወረቀት እዚያው ነበር።

«አንድ ከረሜላ ነው» አሉ። «ያውም ከመጠጥሽው። እንደ ልማድሽ ከቆረጠምሽው ግን ሁለት ያዢ።»